ፎጣው ሲነሳ

ታኅሣሥ ሃያ ሁለት ቀን ነበር፤ ቅዳሜ። ቅዳሜ ነበር እንዴ? ቅዳሜ ቢሆንማ የሴቶቹ ጨዋታ ይቀድም ነበር፤ ያን ዕለት ሴቶቹ እንዳልተጫወቱ ደግሞ እርግጥ ነው፣ ወለሉ ገና ማንም ያልረገጠው፣ ፊት የሚያሳይ ነበርና። እንግዲያው እሁድ ነው። ወይ ደግሞ ታኅሣሥ ሳይሆን ጥር ነው። «ተወው» ይላል በመጨረሻ እጁን እያወናጨፈ። «የቀኑ ስም ምን ይሠራል? መውደቁን እንደሆነ ወድቄያለሁ።»

ስለ ሕይወቱ የጠየቀው ሰው ሁሉ ይህን መግቢያ ሳይሰማ አያልፍም። ከልጅነቱ አይጀምርም፤ ከሠርጉም አይጀምርም። ከወደቀበት ቀን ይጀምርና ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ዕቃ የጠፋበት ሰው በመጣበት መንገድ እንደሚመለሰው።

ሰውየው በአንድ የቅርጫት ኳስ አዳራሽ ውስጥ ወለል ወልዋይ ነበር። ጠራጊ ሲሉት ይከፋዋል። መጥረግ ለመንገድ ነው፤ የሱ ሥራ ማድረቅ ነው። ተጫዋች ሲወድቅ ወለሉ ላይ ላቡ ይቀራል፤ ያ ላብ ሳይደርቅ ሌላው ከረገጠው ጉልበት ይሄዳል፣ ቁርጭምጭሚት ይሄዳል፣ አንዳንዴም እንጀራ ይሄዳል። ስለዚህ እሱ ከቅርጫቱ ሥር፣ ከመስመሩ ውጭ፣ ዝቅ ባለች ዱካ ላይ ይቀመጣል። ሰፊው መወልወያ ከጎኑ፣ ነጭ ፎጣ ትከሻው ላይ። ኳሱ ወደ ወዲያኛው ጫፍ ሲሄድ ብድግ ይልና ሮጦ ያደርቃል፤ ኳሱ ሳይመለስ ተመልሶ ቁጭ ይላል። አጭር ሰው ነው፤ በጉብዝናው ወራት መጫወት ፈልጎ «አንተን ኳስ አድርገን እንጫወት ይሆን?» ብለው የመለሱት ሰው ነው። ቁመት የነሳውን ሜዳ በመወልወያ ገባበት።

እርጥቡ ቦታ የታየው ኳሱ እዚያው እያለ ከሆነ ደግሞ ሌላ ሕግ ነበር። የትም ያልተጻፈ፣ ግን ሁሉም የሚያውቀው ሕግ። ብድግ ብሎ ፎጣውን ከራሱ በላይ ያነሳል። ፎጣው ከተነሳ ዳኛው ፊሽካ ይነፋል፤ ጨዋታው ይቆማል። አንድ ጊዜ በዋንጫ ጨዋታ፣ ሰዓቱ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው፣ ኳሷ ወደ ቅርጫቱ ስትሮጥ ፎጣውን አነሳ። ዳኛው ነፋ። አሠልጣኙ እብድ ሆነ፤ «ይሄን ድንክ ከዚህ አውጡልኝ» አለ። ዳኛው ሄዶ በጫማው ያን ቦታ ነካ ቢያደርገው እግሩ ሸርተት አለና በእጁ ተደገፈ። አሠልጣኙ ከጨዋታው በኋላ መጥቶ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። ሰውየው ይህን ሲያወራ ትከሻውን እስካሁን የሚያመው ይመስል ያሸዋል።

ያኔ አዳራሹ ሙሉ ነበር። ሙሉ ማለት ወንበሩ ብቻ አይደለም፤ ደረጃውም፣ የመስኮቱ ደፍም። ፀጉር አስተካካዮቹ የሰው ጢም ግማሽ ላጭተው «ቀሪውን ነገ» ብለው ይመጡ ነበር። መግቢያ ያጣው ደግሞ ከውጭ ግድግዳውን ተደግፎ ድምፁን ያዳምጣል። ሁለት ነጥብ ሲቆጠር ጩኸቱ እንዲህ ነው፣ ሦስት ሲሆን እንዲህ ነው ብለው የሚከራከሩ ነበሩ፤ አንዳንዶቹ ውስጥ ከተቀመጠው ሰው ይልቅ ውጤቱን ያውቁ ነበር።

መቼ ቀረ? ይህን የሚያውቅ የለም። «ራሰ በራ ሰው ራሰ በራ የሆነው በየትኛው ቀን ነው?» ይላል እሱ። መጀመሪያ የማዕዘኑ ወንበሮች ባዶ ሆኑ። ቀጥሎ ደህና ደህናዎቹ ተጫዋቾች አንድ በአንድ ወደ ውጭ ሄዱ። ከዚያ ቴሌቪዥኑ የባሕር ማዶውን ጨዋታ ይዞ መጣ፤ ያን ያየ ዓይን የሰፈሩን ማየት ተጠየፈ። በመጨረሻ ስልኩ መጣ፤ ስልኩ ደግሞ የባሕር ማዶውንም ቆራርጦ፣ ዘሎ ኳሷን ቅርጫቱ ላይ መስቀሉን ብቻ፣ ኳሷ መረቡን ስታልፍ ብቻ እያሳየ ጨዋታውን ከጨዋታው ነጠለው። የሰፈሩ ጎረምሶች የውጭ ተጫዋቾችን የጫማ ቁጥር በቃላቸው ያውቃሉ። ከአዳራሹ በር ላይ ቆመው «እዚህ ውስጥ ምንድን ነው ያለው?» ብለው ሲጠይቁ ግን በጆሮው ሰምቷል።

ከቀሩት ውስጥ ሰው የሚባለው የቡድኑ አምበል ብቻ ነበር። መሰላል ይሉታል። ቁመቱ መሰላል፣ ቅጥነቱ መሰላል፤ ሲዘል ደግሞ አየር ላይ ትንሽ ቆይቶ የሚያስብ ይመስል ነበር። ውጭ ቢጠሩትም እናቱ ታማሚ ስለነበረች አልሄደም። ከጨዋታ በፊት ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ ጫማውን ሲያስር ከሱ ጋር ይቀላለዳል።

«ጋሼ፣ ዛሬ እንዴት ነው ወለሉ?»

«ካንተ ጠባይ ይሻላል።»

«እንግዲያው ልዝለልበት?»

«ዝለል። ስትወርድ እኔ አለሁ።»

ያ ቀን፣ ታኅሣሥም ይሁን ጥር፣ እረፍት ላይ አንዱ ተጫዋች የውኃ ኮዳ ከእጁ አመለጠውና መሐል ሜዳ ላይ ፈሰሰ። ሰውየው እንደ ወትሮው ብድግ ብሎ ሮጠ፤ መወልወያው ቀደመው፣ እግሩ ከዳው፣ በደረቱ ተዘረጋና ሁለት እጁን ወደ ፊት እንደዘረጋ ከመሐል ክቡ እስከ ተቀያሪዎቹ አግዳሚ ወንበር ድረስ ተንሸራተተ። አዳራሹ ውስጥ የነበረው ጥቂት ሰው በአንድ አፍ ሳቀ። ብዙ ዓመት እንዲያ ያለ ድምፅ ከዚያ ጣሪያ ሥር አልተሰማም ነበር። የአዳራሹ ባለማይክ ደግሞ ዕድሉን ሲያገኝ የማያሳልፍ ሰው ነው፤ «ክቡራትና ክቡራን፣ ዋናተኛችን በአዲስ ሰዓት ገብቷል» አለ። ስሙ በዚያው ጸና። ዋናተኛው።

ባለቤቱ ልብስ ሰፊ ናት። ከሁለቱ ክፍላቸው በአንዱ፣ መስኮቱ ሥር፣ የስፌት መኪናዋን አስጠግታ ትውላለች። ነገሩን የሰማችው ከሱ አይደለም። ቀሚስ ልታስጠብ የመጣች ደንበኛ ስልኳን አውጥታ «ይሄን ጉድ እይልኝ» ብላ የገዛ ባሏን ሲንሸራተት አሳየቻት።

ማታ ሲገባ መስፋቷን ሳታቆም ጠየቀችው።

«ደረትህን አላመመህም?»

«ከምኑ?»

«ከዋናው።»

ሁለቱም ሳቁ። የዚያን ቀን ሳቅ ክፋት አልነበረውም።

ክፋቱ የመጣው የክለቡ ሥራ አስኪያጅ ሲያስጠራው ነው። አዲስ ሰው ነው፤ ኳስ ሳይሆን ማስታወቂያ የተማረ። ወንበር ሰጠው። ወንበር መስጠቱ ራሱ አስደነገጠው፤ በዚያ ቢሮ ወንበር የሚሰጠው የሚባረር ሰው ነው።

«ጋሼ፣ ምን ያህል ሰው እንዳየዎት ያውቃሉ?»

«የት?»

«በስልክ ነዋ።»

«የወደቀ ሰው መታየቱ ለማን ይጠቅማል፣ ልጄ?»

«ለክለቡ ይጠቅማል። እውነቱን ልንገርዎት፤ ሰው ዛሬ ቁጭ ብሎ ማን ያሸንፍ ይሆን ብሎ አይጨነቅም። ሰው የሚፈልገው ወጥቶ የሚያወራው ነገር ነው። እርስዎ ሰጡት። ይድገሙልን።»

«መውደቁን?»

«በየጨዋታው፣ እረፍት ላይ።»

ሰውየው መዳፉን አየ። «እኔ እኮ የተቀጠርኩት ሰው እንዳይወድቅ ነው» አለ።

«ክለቡ ከተዘጋ የሚወድቅ ሰውስ ከየት ይመጣል?»

 ወደ ቤቱ ሲሄድ መንገዱን ሁሉ አንድ ሐሳብ ሲያመላልስ ነበር፤ እየቆየ ሐሳቡ ጣፈጠው። ሰው ከመጣ እኮ ለምን መጣ አይባልም። ለሳቅ የመጣ ለጨዋታ ይቀራል። መሰላል አንድ ጊዜ ሲዘል ያየ ሰው፣ ሊስቅ መጥቶም ቢሆን፣ ሳምንት በራሱ እግር ይመጣል። አዳራሹ እንደ ድሮው ሲሞላ ታየው። ከዚያ በኋላ ያደረገውን ሁሉ ያደረገው ይህን አምኖ ነው፤ ሌላ ምክንያት የሚፈልግለት ሰው አያገኝም።

ባለቤቱ ግን አልጣፈጣትም።

«ተው አንተ ሰው። ሰው ወድቆ መሳቂያ ሲሆን አይቻለሁ፤ መሳቂያ ለመሆን ሲወድቅ ግን አላየሁም።»

«ለኳሱ ብዬ ነው።»

«ኳሱ ምን ሠራልህ? ቁመት እንኳ አልጨመረልህ።»

«አንድ ወቅት ብቻ። ሰው ሲለምድ እተወዋለሁ።»

«በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና» አለችና ቀሪውን ሳትጨርስ ተወችው። በሳምንቱ ግን ሥራ አስኪያጁ የላከውን ሰማያዊ ጨርቅ ወስዳ የዋናተኛ ልብስ ሰፋችለት። «ካልቀረልህ በደንብ በተሰፋ ልብስ ውደቅ» አለችው። በላዩ ላይ የጎማ ቆብና የዋና መነጽር ተጨመረ። ከመነጽሩ በኋላ ደግሞ የሳሙና አረፋ የሚተፋ ማሽን መጣ፤ ዋናተኛ ያለ ውኃ አያምርም ተብሎ።

እውነትም ሰው መጣ። እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው፣ ፍቅረኛሞች ተቃቅፈው፣ ቅርጫት ኳስ በስንት ሰው እንደሚጫወቱት የማያውቁ ሁሉ መጡ። የማዕዘኑ ወንበሮች ሳይቀሩ ሞሉ። እረፍት ሲደርስ ሙዚቃው ይለቀቃል፣ አረፋው ይነሳል፣ እሱ በመወልወያው ላይ ጀልባ ላይ እንዳለ ሰው ተንበርክኮ ይመጣና በደረቱ ይዘረጋል። ስልኮች ሁሉ ይነሳሉ። ከዚያም ሰው ሁሉ ተነስቶ ወደ በሩ ይሄዳል።

መጀመሪያ ሻይ ሊጠጡ የሄዱ መስሎት ነበር። ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ሲጀመር፣ ዱካው ላይ ሆኖ መነጽሩን ግንባሩ ላይ እንደሰቀለ፣ ወንበሮቹን አያቸው። ባዶ ናቸው። መሰላል ዘሎ ሰቀለና ሲወርድ ያጨበጨበለት የራሱ አሠልጣኝ ብቻ ነበር። በሚቀጥለውም እንዲሁ። ሰዉ ለሳቅ ይመጣል፣ ይስቃል፣ ይሄዳል። ከትርኢቱ በፊት ባዶ የነበረው አዳራሽ ቢያንስ እስከ መጨረሻው እኩል ባዶ ነበር፤ አሁን በመሐል መጉደሉ ተጫዋቾቹን እንደ ስድብ ወጋቸው። አንዱማ በፊቱ «ዋናተኛው ይዞልን መጣ፣ ዋናተኛው ይዞብን ሄደ» አለው።

ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ሄዶ ለመነ። «ከጨዋታው በኋላ ልውደቅ። እኔን ለማየት ሲሉ እስከ መጨረሻው ይቆያሉ።»

«ሰው አይጠብቅም፣ ጋሼ።»

«ይሞከር።»

ተሞከረ። የዚያን ቀን አዳራሹ አብዛኛውን የጨዋታ ጊዜ ባዶውን ቆይቶ ሊያልቅ ሲል ሞላ። ሰዉ ሰዓቱን አስልቶ ነው የመጣው። ሥራ አስኪያጁ አልሳቀበትም፤ ትከሻውን ብቻ ሰበቀ። መውደቁ ወደ እረፍት ተመለሰ።

ባለማይኩ በዚህ መሐል አንድ ነገር አመጣ። ትርኢቱ ድንገት ከሚጀምር ምልክት ይኑረው አለ። ዋናተኛው መጀመሪያ እንደ ደነገጠ ሰው ብድግ ብሎ ፎጣውን ያንሳ፤ ሰዉ ፎጣውን ሲያይ ስልኩን ያዘጋጅ። ሰውየው ይህን ሲሰማ ፊቱ ጠቆረ።

«ፎጣውን እንኳ ተዉልኝ።»

«ፎጣ እኮ ነው፣ ጋሼ። ሌላ ፎጣ እንግዛልህ?»

 ፎጣው ምን እንደሆነ ለረሳ ሰው ምን ብሎ ይነግረዋል? አንዴ በደረቱ የተዘረጋ ሰው ስለ ፎጣ ሊከራከር አይችልም ብሎ አሰበ። ፎጣውንም ሰጣቸው። ከዚያ ወዲያ ፎጣው ሲነሳ ሙዚቃ ይጀመራል፤ ሕፃናቱ ሳይቀሩ «ዋ-ና-ተ-ኛ!» ይላሉ። መሰላል ራሱ ከመልበሻ ክፍሉ በር ላይ ቆሞ እየሳቀ፣ «ጋሼ፣ ዛሬ በደረት ነው በጀርባ?» ይለዋል።

ሳሙናው ግን ሌላ ጣጣ ነበር። ላብ በደረቅ ጨርቅ ይነሳል፤ ሳሙና አይነሳም። መጀመሪያ በውኃ፣ ከዚያ በእርጥብ ጨርቅ፣ ከዚያ በደረቅ ነው፤ ጊዜ ይፈልጋል። እረፍቱን ደግሞ ትርኢቱ ይበላዋል። ሕዝቡ እየወጣ፣ ተጫዋቾቹ እየገቡ፣ እሱ በሰማያዊ ልብሱ ከላይ ታች እያለ ይወለውላል። በየጨዋታው አንድ ቦታ ይቀረዋል፤ በካልሲው እየዳሰሰ ያገኘዋል። ሥራ አስኪያጁን «አረፋው ይቅር» አለው። ሥራ አስኪያጁም «በስልክ የሚያምረው አረፋው ነው» አለው።

ባለቤቱ ልብሱን ስታጥብ የሳሙናው ሽታ አልለቅ አላት። «ለማድረቅ የተቀጠርክ ሰው በየሳምንቱ ማርጠቢያ ተሸክመህ ትገባለህ» አለችው። 

ከዚያ ያ ጨዋታ መጣ። ዓመቱን ሙሉ ውድድሩን የመራው ቡድን እንግዳ ሆኖ የመጣበት ነው። አዳራሹ እንደለመደው ሞላ። እረፍት ላይ ወደቀ፣ ተሳቀ፣ አረፋው ጠፋ። መወልወያውን ይዞ ሲሮጥ ግን አንድ ነገር ታወቀው። ሰዉ አልወጣም። ውጤቱ እኩል ነበር፤ ሰዉ ተቀምጧል። አንድ አባት ለልጁ በጣቱ ወደ ሰሌዳው እያሳየ ያስረዳዋል። አንዲት ሴት «ያ ረጅሙ የኛ ነው?» ብላ ጎረቤቷን ትጠይቃለች። ሰውየው ከዱካው ላይ ሆኖ ይህን ያያል። ይኸው ቀሩ፤ ለሳቅ መጥተው ለጨዋታ ቀሩ። መነጽሩን ማውለቅ እንኳ ረሳ።

ያየው ያኔ ነው፤ ከቅርጫቱ ሥር ከእጅ መዳፍ ትንሽ የሚሰፋ የሚያብረቀርቅ ቦታ። ሳሙና። ኳሱ ወደዚያው እየመጣ ነው፤ የያዘው መሰላል ነው፤ ከፊቱ ማንም የለም።

ብድግ ብሎ ፎጣውን አነሳ።

አዳራሹ ፈነዳ። ባለማይኩ ደስታው አሸንፎት «ኧረ ዋናተኛችን አልጠገበም!» አለ። ዳኛው ፊሽካውን ወደ አፉ ወሰደ፤ የጎማ ቆቡንና መነጽሩን አየና ፈገግ ብሎ መለሰው። ሰውየው «እርጥብ ነው!» ብሎ ጮኸ፤ ራሱም ድምፁን አልሰማውም። ፎጣውን በሁለት እጁ አወዛወዘ፤ ባወዛወዘ ቁጥር ሳቁ ጨመረ። መሰላል እየሮጠ ቀና ብሎ አየው። ዓይን ለዓይን ተያዩ። ጥርሱን አየ፤ ሳቀ መሰላል፤ ከመልበሻው በር ላይ እንደሚስቀው አድርጎ ሳቀ። ከዚያ ዘለለ። አየር ላይ ትንሽ ቆየ፣ ኳሱን ሰቀለ፣ ወረደ።

ጉልበቱ ያሰማው ድምፅ እስከ ዱካው ድረስ ተሰማ። ከላይ ያሉት አልሰሙትም፤ ለነጥቡ ያጨበጭቡ ነበር። ሰውየው ሮጦ ገባና ምን እንደሚያደርግ ጠፍቶበት መሰላል አጠገብ ተንበርክኮ ወለሉን መወልወል ጀመረ። ይህን ያዩት ደግሞ እንደገና ሳቁ። ሳቁ የቆመው ቃሬዛው ሲገባ ነው።

በሳምንቱ ጉዳዩን የሚያጣሩ ሰዎች ተሰበሰቡ። ዳኛው «ትርኢት መስሎኝ ነው» አለ። ባለማይኩም «ትርኢት መስሎኝ ነው» አለ። ሥራ አስኪያጁ ስለ አረፋው ምንም አላለም። ሰብሳቢው ወደሱ ዞረ።

«ተጫዋቹስ? ፎጣውን አይቶታል?»

አይቶ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው፤ እያየ የገባ ተጫዋች ጥፋቱን ይካፈላል፣ ክለቡም ሕክምናውን አልከፍልም ሊል ይችላል። አላየም ከተባለ ግን ጥፋቱ የወለሉ ነው፤ የወለሉ ማለት የሱ ነው። ሰውየው ሰብሳቢውን አየው።

«ሩጫ ላይ ነበር» አለ። «አላየም።»

የተወሰነውም ይኸው ሆነ፤ ወለሉ በሚገባ ባለመወልወሉ ነው ተባለ። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታልና ሰፈሩም ተቀበለው፤ ሲቀልድ ልጁን ሰባበረው ተባለ። ቪዲዮው ከመጀመሪያው ይልቅ ዞረ፤ የመሰላል ጉልበት ሲታጠፍ ሳይሆን እሱ ፎጣውን ሲያወዛውዝ ነው ሰዉ የወደደው። ሥራ አስኪያጁ የመሰላልን ስም ሳያነሳ «ካረፉ በኋላ ይመለሱ፤ አረፋውን እናስቀራለን» ብሎ ላከበት። ሰውየው ልብሱን፣ ቆቡንና መነጽሩን በፌስታል አድርጎ ዘበኛው ጋ አስቀምጦ ወጣ። ክለቡ ያን ዓመት አልጨረሰም። መሰላል የሌለበትን ጨዋታ ሊያይ የመጣ አልነበረም፤ ዋናተኛው የሌለበትን ትርኢትም እንዲሁ። አዳራሹ አሁን የሶፋና የአልጋ መሸጫ ነው። ወለሉ ላይ ምንጣፍ ተነጥፎበታል።

ባለቤቱ አንድ ጊዜ ብቻ ጠይቃዋለች፣ መኪናዋን አቁማ።

«እውነት ልጁ አላየህም?»

«አላየኝም አልኩሽ።»

«አንተ ስትዋሽ ጆሮህን ትነካለህ።»

እጁን ከጆሮው አወረደ። እሷም መኪናዋን ቀጠለች።

እሱ ዛሬ በአንድ ትልቅ ሸቀጣ ሸቀጥ መደብር ወለል ይወለውላል። ወተት ይደፋል፣ ዘይት ይፈሳል፣ እሱ ይጠራል። የሚወድቅ ሰው ሥዕል ያለባት ቢጫ ሰሌዳ አለችው፤ እሷን አቁሞ ነው የሚሠራው። የሚያውቁት ጎረምሶች ከሰሌዳዋ ጋር አቁመው ፎቶ ሊያነሱት ይፈልጋሉ። «ዋናተኛው፣ አንዴ ብቻ» ይሉታል። አይቆጣም። «አርጅቻለሁ፤ መዋኛውም ደርቋል» ብሎ ያልፋል። ከመግቢያው አጠገብ የቴሌቪዥን መሸጫ አለ፤ የባሕር ማዶው ጨዋታ ቀኑን ሙሉ ይታያል። ሰው ቆሞ አንድ ሲሰቀል ያያል፣ «ኧረ!» ይላል፣ ጋሪውን ገፍቶ ይሄዳል። እሱ ወደዚያ ዞሮ አይወለውልም።

ይህን የጻፈው ሰው መደብሩ ጫፍ ላይ ባለው አግዳሚ ላይ አብሮት ተቀምጦ፣ ታኅሣሥ ነው ጥር ነው የሚለውን ለስንተኛ ጊዜ እየሰማ ሳለ ነው መሰላል የገባው። በከዘራ ነው የሚሄደው፤ አንደኛው እግሩ አይታጠፍም። ስልክ መሸጫ ውስጥ ይሠራል ይባላል። ቁመቱ ከመደርደሪያዎቹ በላይ ከሩቅ ታየ። ሰውየው ብድግ አለ፤ ከዚያ መልሶ ቁጭ አለ።

«ጋሼ።»

«እንዴት ነህ፣ ልጄ። እናትህስ?»

«አረፈች። ዓመት አለፋት።»

«አልሰማሁም። ነፍስ ይማር።»

መሰላል ቆሞ ቀረ። መቀመጥ እንደሚያስቸግረው ያስታውቅ ነበር። ከዘራውን ከእጅ ወደ እጅ አዘዋወረ።

«አንድ ነገር ልነግርህ ነው የመጣሁት። ሆዴ ውስጥ አልቀመጥ ብሎኝ ነው።»

«ሥራ ላይ ነኝ።»

«ያን ቀን ፎጣውን አይቼው ነበር።»

ሰውየው መወልወያውን ጎተት አደረገ። «አላየህም።»

«አይቻለሁ ጋሼ። ዓይንህን አይቼ ሳቅሁ እኮ። ቀልድህን ነው ብዬ። ለነሱ አላየም አልካቸው አሉ። ሰው አንተን ሲሰድብ እየሰማሁ ዝም ብያለሁ፤ ሕክምናውን እንዳይከለክሉኝ ፈርቼ ነው።»

«ሩጫ ላይ ነበርክ።»

«ጋሼ፣ አትተወኝ በዚህ። አየሁህ አልኩህ።»

«ፎጣውን የያዝኩት እኔ፣ አንተ ነህ የምታውቀው? ሩጫ ላይ ነበርክ። አላየህም። አበቃ።»

ድምፁ አልጨመረም፤ ፊቱም አልተለወጠም። መሰላል የሚሰማው ቃል እንደሌለ ሲያውቅ ጎንበስ ብሎ ሊስመው ቃጣ፤ እግሩ አልታዘዘው ብሎ ከወገቡ በላይ ብቻ ዘንበል አለ፣ የሰውየውን ግንባር ሊደርስበት አልቻለም፣ ተመለሰ። ከዘራው ወለሉን እየመታ እስከ በሩ ድረስ ተሰማ። ቴሌቪዥኖቹ ፊት ሲደርስ ቀና ብሎ አንድ ጊዜ አየና ወጣ።

አግዳሚው ላይ የቀረው ጸሐፊ ጥያቄው አፉ ላይ ደርሶ ነበር። ያ «አላየህም» የሚለው ቃል ምንድን ነው? ለልጁ ማዘኑ ነው፣ እስካሁን እንደ ሸፈነው መሸፈኑ? ወይስ ልጁ ይቅርታ ጠይቆ እንዳይገላገል፣ የሳቀውን ሳቅ ዕድሜ ልኩን ተሸክሞ እንዲዞር መቅጣቱ? ወይም ሁለቱም፣ በአንድ ቃል?

«ጋሼ» ብሎ ሲጀምር ከላይ ያለው ድምፅ ማጉያ ቀደመው፤ ዘይት መደርደሪያው ጋ ጠርሙስ ተሰብሯል። ሰውየው ቢጫውን ሰሌዳ ብብቱ ሥር ሸጎጠ፣ ባልዲውን አነሳ፣ «ሰው ሳይረግጠው» አለና ሄደ።